የማይይዝ ፋሻ

ጥቅምት 8
የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥኖቹን ስፈትሽ ዋልኩ። እዚህ እርሻ ላይ ነርስ ከሆንኩ ሰባት ዓመቴ፣ እንዲህ ቀፍፎኝ አያውቅም። አንዱን ስከፍት አይጥ ፋሻውን ቦጫጭቃ ወልዳበታለች። ሌላው ውስጥ የተበላበት ማንኪያ፣ ያለቀ ሳሙና፣ ማበጠሪያ... ከነፀጉሩ።
አረም የሚነቅሉት የአራሚዎቹ ካቦ፣ የአለቃቸው፣ ሣጥን ውስጥ ደግሞ ሲባጎና ምላጭ።
"እሱማ ለእባብ ነው፣ ሲስተር። ማሰር፣ መብጣት፣ መጥባት።"
"ምላጩ ላይ ያለው ምንድን ነው?"
"ጥፍሬንም እቆርጥበታለሁ።"
ሳያፍር። ወሰድኩበት። የዚህ አካባቢ እባብ መርዙ ትንፋሽ ነው የሚያቆመው፣ መብጣትም መጥባትም አያድንም አልኩት። በሰፊ ፋሻ እግሩን ሙሉ መጠቅለል፣ ከእንጨት ጋር ማሰር፣ በሽተኛውን አለማስኬድ፣ ሆስፒታል። በቃ። ራሱን ነቀነቀ። ገባው? እንጃ።

ጥቅምት 10
ሥራ አስኪያጁ "ፋሻውን አንቺው ምረጪ" አለኝ። ሦስት ናሙና መጣልኝ። በራሴ እግር ሞከርኩት።
አንደኛው ተራ ሻሽ፣ ስፋቱ ሦስት ጣት የማይሞላ። ከክሊኒኩ በር እስከ ጥበቃው ቤት ስደርስ እንደ አሮጌ ካልሲ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ተከምሯል። ሁለተኛው ይሳባል ግን ቀጭን ነው፣ ሥጋዬን ቆረጠኝ። ሦስተኛው ሰፊ፣ የሚሳብ፣ ከጣቴ እስከ ጭኔ የደረሰ። እሱን ጠቅልዬ እስከ ከሰዓት ተመላለስኩበት። ንቅንቅ አላለም። እግሬም አልደነዘዘም።
ሾፌሩ "እግርሽን ምን ነካሽ?" ሲል ዋለ።
ሦስተኛውን ብዬ ለግዢ ክፍል ጻፍኩ። ከነስፋቱ፣ ከነርዝመቱ። ከዚህ በላይ እንዴት ይጻፋል?

ጥቅምት 21
ፋሻው መጣ። አንደኛው! ያ ሻሽ። ካርቶን ሙሉ።
ግዢ ክፍል ያለው የእህቴ ባል ነው።
"እኔ የጻፍኩት ይሄን ነው?"
"እትዬ፣ ፋሻ ፋሻ ነው። ነጭ ነው፣ ይጠቀለላል። ያኛውን ፍለጋ ከተማ ለከተማ ልዙር እንዴ?"
"መልሰው።"
"መኪናው ሄዷል። ደግሞ እኔን ነው የምታስወቅሺው? እህትሽ ምን ትላለች?"
እህቴ ምን ትላለች... በዚህች አንዲት ቃል አፌን ዘጋኝ። መረከቢያ ወረቀቱን አስጠግቶ እስክሪብቶውን ራሱ ከፍቶ ሰጠኝ። ፈረምኩ።
ከዚያ እጄን ታጠብኩ። ሁለቴ። ምን ሊጠራ ነው?

ጥቅምት 22
ሣጥኖቹን ሞላኋቸው። ላያቸው አልፈለግሁም።

ኅዳር 2
ሳቂታን እባብ ነደፋት። ከአራሚዎቹ ሁሉ ጨዋታ አዋቂዋ፣ ስሟን ትተን ሳቂታ የምንላት። ቦዩ ዳር ቁርጭምጭሚቷን።
ስደርስ ካቦው ሻሹን ጠቅልሎ ጠቅልሎ ሲፈታበት ጊዜ ገምዶ ከጉልበቷ በታች ጠርቆ አስሮታል። እግሯ ጠቁሯል። ካቦው ቀና ብሎ፣
"እንዳልሽው ልጠቀልል ነበር፣ ሲስተር። አይይዝም። የሰጠሽን ነገር አይይዝም።"
ጎኗ ተንበረከክሁ።
"የሚሳብ ጨርቅ ያለው ሰው አለ?" አልኩ። አንዷ አራሚ ዘወር ብላ ከቀሚሷ ሥር ታይቷን አውልቃ ወረወረችልኝ። በሰፊው ቀድጄ ከጣቷ እስከ ጭኗ ጠቀለልኩ፣ በመኮትኮቻ እጀታ ደገፍኩት። የካቦውን ማሰሪያ ከዚያ በኋላ ነው ቀስ እያልኩ የፈታሁት።
"ሲስተር፣ ዓይኔ አልገለጥ አለኝ" አለች፣ መኪና ውስጥ። ከዚያ ምላሷ ተሳሰረ። ሆስፒታሉ በር ላይ ትንፋሿ ጠፋ። ከክሊኒኩ የያዝኩትን የአየር መስጫ ፊኛ እየጨመቅሁ አስገባኋት።
እዚህ ያደረሳት ታይት ነው። እኔ የፈረምኩበት ፋሻ አይደለም። ራሴን ተጸየፍኩት።

ኅዳር 4
ሳቂታ በማሽን ነው የምትተነፍሰው።
ስብሰባ ጠሩን። የእህቴ ባል ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘረጋ፦ "ሲስተር ፈርማ ተረክባለች።" እውነቱን ነው። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ሌላ ወረቀት። "ጉዳቱ የደረሰው ካቦው ከመመሪያ ውጪ በማሰሩ ነው" ይላል። የእኔን ፊርማ ብቻ ይጠብቃል። ካቦውን ከሥራ አግደውታል።
"ፈርሚና እንገላገል" አለኝ ሥራ አስኪያጁ፣ ሻዩን እየማገ። ከንፈሩ ላይ ብስኩት ተለጥፏል። ዓይኔን ከዚያች ብስኩት ማንሳት አቃተኝ። አንዲት ሴት ማሽን ላይ ተኝታ...
አልፈረምኩም። የራሴን ጻፍኩ። ፋሻው እንደማይይዝ በእግሬ ሞክሬ አውቅ ነበር፣ እያወቅሁ ተረከብኩ፣ ሣጥን ውስጥ ያስገባሁትም እኔ ነኝ። ማን እንዳመጣውም ጻፍኩ።

ኅዳር 5
እህቴ ክሊኒክ ድረስ መጣች። አልተቀመጠችም።
"ባሌን ሰው ፊት አዋረድሽው።"
"መጀመሪያ የከሰስኩት ራሴን ነው።"
"አንቺ ልጅ የለሽ፣ ባል የለሽ። ብትባረሪስ ምን ይቀርብሻል?"
ከአንድ ማሕፀን የወጣን... ይሄን አሰበችው፣ ከዚያም ተናገረችው። በሩን ክፍት ትታው ሄደች።

ኅዳር 11
ሳቂታ ከማሽኑ ወረደች። በራሷ ተነፈሰች። ሾፌሩ ነው የነገረኝ።

ኅዳር 24
ካቦው ወደ ሥራው ተመልሷል። የእህቴ ባል ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ። እህቴ ዘግታኛለች። እኔም ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፣ ዕቃ መረከብም ተከለከልኩ። ከእንግዲህ ለክሊኒኩ የሚገባውን ዕቃ አይቶ የሚፈርመው ካቦው ነው። ሰፊው ፋሻ ሲመጣ አንዱን ፈትቶ ግቢው መሐል ሲስብ፣ ሲለካ ቆይቶ ነው የፈረመው።
ከሰዓት ሳቂታ መጣች። ታነክሳለች። ከጉልበቷ በታች የታሰረበት ቆዳ ተልጧል። ሰው ከሚነግራት ብዬ ሁሉንም ነገርኳት።
"እያወቅሽ ነው?"
"እያወቅሁ ነው።"
ሳቅ የሚባል ፊቷ ላይ የለም። ከዚያ ደህናውን እግሯን ወንበሩ ላይ አወጣች።
"በይ አጠቃለሉን አሳዪኝ። ለሌሎቹ የማሳየው እኔ ነኝ። አንቺን ማመን ይከብዳቸዋል።"
ጠቀለልኩ። "ላልቷል" ብላ አስፈታችኝ። ደግሜ ጠቀለልኩ። አስፈታችኝ። በሦስተኛው ተነሥታ በእጇ ስባ ስባ አየችው።
"ይሄ ይዟል" አለች። ፋሻውን ሳትፈታ ወደ አራሚዎቹ ሄደች።