አንዱ ለምስል፣ አንዱ ለድምፅ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ እንዴት ናቸው? እኛ በጤናችን ደህና ነን፤ እኔን ግን ሐሳብ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ቅዳሜ መጥተህ እማዬን እንደምትወስዳት ነግረኸኛል። ሁለቱን መጦር እንዳይከብደኝ ስላሰብክልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ለአባዬም ብቻውን እንዳይከፋው ትልቅ ቴሌቪዥን አመጣለታለሁ ብለሃል። ይህን ደብዳቤ ያስቸኮለኝ እሱ ነው።

የልጅነታችን ቴሌቪዥን ትዝ ይልሃል? ባለእንጨቱ ድምፁ ጠፍቶ ምስሉ ብቻ ሲቀር፣ አባዬ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ድምፅ እንጂ ምስል የሌለው ትንሽ ቴሌቪዥን አምጥቶ ላዩ ላይ ጫነበት። ከታች እያየን ከላይ እንሰማ ነበር። ጎረቤቶች የእናንተ ቴሌቪዥን ልጅ አዝሏል እያሉ ይስቁብን ነበር። አንተ የታችኛውን ጣቢያ ስትቀይር እኔ በላይኛው ከዘገየሁ፣ ጺማሙ ዜና አንባቢ በሴት ድምፅ ይዘፍናል፤ እማዬ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ጠጋኙ ትልቁን ወስዶ ሲከርም ግን ትንሹንም የከፈተው አልነበረም።

የእማዬ ዓይን ከጠፋ፣ የአባዬም ጆሮ ከደነቆረ ወዲህ እነሱም እንደዚያው ሆነዋል። ማታ ማታ ቴሌቪዥኑ ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው እሱ ያየውን ይነግራታል፤ እሷ የሰማችውን መዳፉ ላይ በጣቷ ትጽፍለታለች። ይጨቃጨቃሉም። ባለፈው ሰውዬው ሊያለቅስ ነው ቢላት፣ ስለ ነገ ዝናብ እያወራ ነው ብላ ጻፈችለት።

እኔ ልጽፍለት ስሞክር እጁን ይሰበስባል። እንግዲህ መሄዷን ልትነግረው የምትችል እሷው ናት። ልብሷን አጣጥፋ ካስቀመጠች ሰነበተች፤ ልጄ ያለው ይሁን ትላለች፤ ለእሱ ግን ትንፍሽ አላለችም። ቅዳሜ በቀረበ ቁጥር እኔ እፈራለሁ።

ትናንት አመሻሹ ላይ መብራት ጠፋ። ሻማ ይዤ ስገባ ጣቷ መዳፉ ላይ ነበር፤ ረጅም ነገር ጻፈች። አባዬ የጠፋውን ቴሌቪዥን እያየ መናገር ጀመረ።

"መኪና ደጃፍ ላይ ቆመ። ሹፌሩ ወረደ፤ ሻይ ጠጣ። ብቻውን ተመለሰ።"

እማዬ፣ እንደማይሰማት እያወቀች፣ በአፏ ሌላስ ምን ይታይሃል አለችው።

ወንድሜ፣ ቅዳሜ ና። ቴሌቪዥኑ ግን ይቆይ። ዛሬ ጠዋት ልብሷን ወደ ቁም ሳጥኑ ስመልስ የበሩን ሲጥሲጥታ ሰምታ፣ ምን እየሠራሽ ነው አላለችኝም።

መንገድህን ያቅናልህ፤ የልጆችህን ወግ ማዕረግ ያሳይህ።

ታናሽ እህትህ