ከሽማግሌዎች ቀድሞ የተነበበ ስም

ጋዜጠኛ ኤሰንቱር ጁማሊየቭ ከፖስታ መኪና ሾፌሩ ከአባታቸው ከጁማሊ እና ይህን ከምጽፈው ከእናታቸው ከቱርዱካን እ.ኤ.አ. በ1968 በኪርጊዝስታን፣ አት-ባሺ ተወለዱ። የተወለዱ ዕለት በረዶ መንገድ ዘግቶ አዋላጅ አልደረሰችም፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ እሳቸው ስሰጋ ኖሬአለሁ።

ትምህርታቸውን በዚያው ጀምረው በዋና ከተማዋ ቢሽኬክ በጋዜጠኝነት ተመረቁ። በ1992 በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ሥራ ያዙ። በ1997 ከወይዘሮ ሳልታናት ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ልጅ፣ ቤጋይምን አፈሩ።

በ2010 ሚያዝያ ቢሽኬክ አደባባይ በሰልፈኞች ላይ ሲተኮስ፣ ከሆስፒታል በር ላይ ሆነው የሟቾችን ስም በስልክ ለአድማጭ ያነቡ ነበር። እኔ ሬዲዮኑን ታቅፌ፣ ድምፃቸው በተቋረጠ ቁጥር እሞት ነበር። ያነበቡት ቤተሰብ እንዳይንከራተት ብለው ነው። ግን በእኛ ዘንድ ሞት የሚነገረው ሽማግሌዎች ቤት ገብተው፣ ሰውየውን አስቀምጠው፣ ግራና ቀኝ ይዘው ነው። ኡልጃን የምትባል እናት የልጇን ስም ሊጥ እያቦካች ከሬዲዮ ሰማች። ከአርባው በኋላ ጣቢያው ድረስ መጥታ፣ «ባለ ድምፁ አንተ ነህ? ሽማግሌ የሌለኝ መሰለህ? ብቻዬን ነበርኩ እኮ፤ የሚይዘኝ እንኳ አልነበረም!» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ቤቷ እየሄዱ ለልጇ ቁርኣን ያስነብቡላት ነበር።

ወጣት ዘጋቢዎችንም፣ «ስንት እንደሞተ ተናገሩ፣ ማን እንደተኮሰ ተናገሩ፤ አትፍሩ። ስሙን ግን መጀመሪያ ቤቱ ይስማ» ይሏቸው ነበር። በ2020 የምርጫ ግርግር የአንድ ሟች ስም ሳያነቡ ሦስት ሰዓት ይዘው ቆዩ። ራሳቸው ሽማግሌ በመኪና ጭነው በተዘጋጋው መንገድ ሲዞሩ ሌሎች ጣቢያዎች ቀደሟቸው። ደግነቱ የሟቹ ሰፈር መብራት ጠፍቶ ስለነበር ቤቱ ከሬዲዮ አልሰማም። ባልደረቦቻቸው፣ «ጋሽ ኤሰንቱር፣ ያንተን ዜና የልጅ ልጆቻችን ይስሙት?» ሲሏቸው ይስቁ ነበር። አለቃቸው ግን አልሳቁም፤ ከዜና ክፍል አነሷቸው። እኔም «ምናለ ብታነበው ኖሮ?» ብዬ ተቆጥቻቸዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

በጉበት ሕመም ሲማቅቁ ቆይተው ኅዳር 14 ቀን 2024 በ56 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ እኔን እናታቸውን እና ልጃቸውን ቤጋይምን ትተው ሄደዋል።

ቤጋይም ሞስኮ ነርስ ናት። «አባትሽ ሕመሙ ጠንቶበታል» ብቻ ተብላ ተሳፍራለች። ዛሬ ወደ ማታ ትደርሳለች፤ ቀብሩም እሷን ጠብቆ ነገ ቀትር ይፈጸማል። ሽማግሌዎች አውሮፕላን ማረፊያ ወጥተዋል። አጎቷ ቤት አስገብተው፣ አስቀምጠው ይነግሯታል። ስለዚህ በዚህ ድንኳን ይህን ወረቀት የያዛችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ፎቶ አንስታችሁ አትላኩ። ስልክ ላይም «አላህ ይዘንለት» ብላችሁ አትጻፉ፤ ልጅቱ ገና ከመውረዷ ስልኳን እንደምትከፍት አውቃለሁ። የጣቢያው ልጆች፣ እናንተም።

ዱዓችሁን በአፋችሁ አድርጉልን። አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፣ ያብራላቸው። ልጃቸውን ሰው ግራና ቀኝ እስኪይዛት ድረስ ስማቸው ከዚህ ድንኳን አይውጣ።