«ቼሩ ይወላገዳል» በመባሉ ስለተዘጋው የቅዳሜ ሳቅ

ለተከበሩ አቶ ኃይለ መስቀል
የምርኩዝ አረጋውያን ማኅበር ሊቀመንበር
ሬኒየር ቢች፣ ሲያትል፤ ኦክቶበር 2014

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለመላው ቤተሰብዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ድምፅዎንማ ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ያለ ማይክራፎን እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ ስለሰማነው በዚያ በኩል ሐሳብ የለብንም። እኔ የአቶ ዱሬሳ ባለቤት ዘሪቱ ነኝ። በግልጽ ደብዳቤ የምጽፍልዎት ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ስለምባል፣ ስብሰባ የማይበዛበት ሰው አንብቦ ይነግርዎት ይሆናል ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በማኅበራችን አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት አረጋውያኑ ተሰብስበው የሁለት እንግሊዛውያን ኮሜዲያን የድሮ ቪዲዮ ያዩ ነበር። አንደኛው ረጅም፣ ቁጡና ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው፤ ሌላው አጭር፣ ለታዘዘው ሁሉ እሺ ብሎ ሁሉን የሚያበላሽ ነው። እንግሊዝኛው ለብዙዎቻችን ስለማይገባ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይቀነስና ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ቆመው በአማርኛ ይናገሩላቸዋል። ረጅሙን የሚሆኑት ከማውንትሌክ ቴራስ አውቶቡስ እየቀያየሩ የሚመጡት አቶ ኪዳነ ወልድ ናቸው፤ አጭሩ የኔው ዱሬሳ ነው። እንግሊዝኛው «ዩ» ብሎ ስለሚገላገል አንተና አንቱው የነሱ ፈጠራ ነበር፤ ኪዳነ ወልድ «አንተ» እያሉ ያዋርዱታል፣ ዱሬሳ «አንቱ» እያለ ያከብራቸዋል፣ ረጅሙ ሲወድቅ ግን ዱሬሳ ማንም የማይሰማው መስሎት «ተነስ እንጂ አንተ» ይልና ወዲያው ወደ አንቱው ይመለሳል። አዳራሹ በሳቅ የሚፈርሰው እዚያ ላይ ነበር። እንግዲህ ቅሬታዬን በትሕትና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ቼሩ። ፕሮግራሙ በተዘጋበት ዕለት ረጅሙ ሰውዬ የተቀመጠበት ወንበር እግሩ ተሰብሮ ጣለው፤ አቶ ኪዳነ ወልድም «ይሄ ቼር ይወላገዳል፣ ካልተቀየረ ሁላችንንም ይጥለናል» አሉ። እርስዎ በሩን ከፍተው የገቡት ልክ በዚህ ጊዜ ነው። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት እዚህ አገር ከመጣን ወዲህ ወንበር የሚለው ቃል ከአፋችን ጠፍቶ የምንቀመጥበትም ቼር፣ ስብሰባ የሚመራንም ቼር ሆኗል፤ «ቼሩ ይፍቀድልኝ» ስንልዎት ደግሞ ተቆጥተው አያውቁም። አልዋሽም፣ መጀመሪያ የሳቅነው በሰውዬው አወዳደቅ ነው፣ ቀጥሎ የሳቅነው ግን እርስዎን አይተን ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ምን ይደረጋል። እግሩ የተሰበረ የቤት ዕቃ ሲጠራ ማንም ሳይጠቁምዎት ራስዎን ስላወቁ ግን አድናቆቴ ከፍ ያለ ነው።

2. ስለ ባህላችን። በበሩ ላይ ባስለጠፉት ማስታወቂያ ፕሮግራሙ «ከባህላችን ጋር ስለማይሄድ» ተዘግቷል፤ በምትኩ የእርስዎ የቃለ መሐላ ሥነ ሥርዓት ቪዲዮ እንዲታይ ስላደረጉልን እናመሰግናለን፣ ብዙዎቻችን በቂ እንቅልፍ አግኝተንበታል። እንግሊዞቹ ይህን ሲሠሩ ወጣት የነበረ ተመልካች ዛሬ ምርኩዝ ይዟል፤ እነሱ ግን ለምን አያረጁም ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ። ሁሉን አውቃለሁ ባይና ሁሉን አበላሽ የሌሉበት ቤት የለም፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ተሰዳድበውም ተዋድቀውም በሚቀጥለው ሳምንት አብረው ይመጣሉ። ወይዘሮ አዳነች እንግሊዝኛ አታውቅም፣ የልጅ ልጆቿ በአማርኛ ስታናግራቸው በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሱላት፤ አንድ ላይ ሲስቁ ያየኋቸው ግን በዚያ ቪዲዮ ፊት ብቻ ነው። ይህ ባህላችን ካልሆነ የትኛው እንደሆነ ቦርዱ በጽሑፍ ቢገልጽልን።

3. ይህኛው ለመቀለድ ይከብደኛል። ዱሬሳ ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቃል እንደልቡ አይመጣለትም። ውሃ ሲፈልግ «በር» ይላል፤ መሳሳቱን ያውቀዋል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ቅዳሜ ግን ኪዳነ ወልድ ሲጮሁበት መልሱ ሳይሰበር፣ ያ የወለጋ ለዛው ሳይጎድል ከአፉ ይወጣ ነበር። ንግግር የምታለማምደው ባለሙያ «ይህን እንዳታስቆሙት፣ በሌላ መንገድ የማይመጣ ቃል በዚህ ይመጣለታል» ብላናለች። ይህንኑ በስልክ ስነግርዎት «እሱ የግል ጉዳይ ነው» ብለው አጽናኑኝ። የቅዳሜው ፕሮግራም ከተዘጋ ወዲህ ዱሬሳ ዝም ብሏል፤ በስሜ ከጠራኝ ቆየ። ፈርቻለሁ አቶ ኃይለ መስቀል፣ በግልጽ ፈርቻለሁ።

ቤታችን ሞክረነዋል። ኪዳነ ወልድ መጡ፣ ቪዲዮው ተከፈተ፣ እንደ ልማዳቸው ጮኹበት። ዱሬሳ አፉን ከፈተ፣ ባዶውን ሳሎን ዞር ብሎ አየ፣ መልሶ ዘጋው። እኔ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ የውሸት ሳቅ መሆኑን ግን ባሌ አይስተውም። ቃሉን የሚጎትትለት የአዳራሹ ሰው ሁሉ ሳቅ ኖሯል። ኪዳነ ወልድ ፊቴን ልታጠብ ብለው መታጠቢያ ቤት ገብተው ብዙ ቆዩ።

4. ስለ ይቅርታው። ቦርዱ ሁለቱም «በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቀርበው በቃላቸው ይቅርታ እስኪጠይቁ» እንዲታገዱ ወስኗል። ሐኪሞቹ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዳልጠብቅ ሲመክሩኝ እርስዎ በቀነ ቀጠሮ ስላዘዙለት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ትእዛዝ ነውና ላለማምደው ሞከርኩ። «ይ» ብሎ ቀረ፣ ላብ በላብ ሆነ፣ እጄን ያዘኝ። ቼር ያሉት እኮ ኪዳነ ወልድ ናቸው፤ ዱሬሳ ላልተናገረው ቃል ይቅርታ መጠየቅ አቅቶት ነው የሚያልበው።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው፤ የቅዳሜውን ፕሮግራም ይክፈቱልን። ይቅርታውንም ከፈለጉ ቴሌቪዥኑ ይብራ፣ ኪዳነ ወልድ አጠገቡ ይቁሙ፣ ሰዉም ይቀመጥ፤ «ይቅርታ ጠይቅ አንተ» ብለው ከጮኹበት ምናልባት ይመልሳል።

ጉልበቴ ቢፈቅድልኝ ኖሮ እግርዎ ሥር የምወድቀው፣ ዘመነ ሥልጣንዎ የሚያልቅበትን ቀን በጸሎት የማልዘነጋው፣

ዘሪቱ፣ የአቶ ዱሬሳ ባለቤት፣ ለጊዜውም አፉ

ማስታወሻ፦ አጭሩ ሰውዬ ይቅርታ ጠይቅ ሲባል የሚመልሰው «አጥፍቻለሁ ጌታዬ፤ ነገ ደግሞ ከዚህ የተሻለ አጠፋለሁ» እያለ ነውና፣ ዱሬሳ አፉን ከፈተ ማለት ይህንኑ ይልዎታል። ሰው ይስቃል፣ እኔም አለቅሳለሁ። እባክዎ በዚያን ሰዓት ጠረጴዛ እየደበደቡ ጸጥታ እንዳይጠይቁ፤ ጸጥታ ካማረዎት እኛ ቤት ይምጡ፣ ሞልቶናል።