ከመስኮት የሚቀዳ መብራት

የካቲት 3

ወልጄ ከሆስፒታል ወጣን። ልጅቷ ተኝታለች። እኔ ግን... ስምንት ዓመት የጠበቅኳት ልጅ አጠገቤ ሆና እንቅልፍ ከየት ይምጣ?

ባሌ አላስችል ብሎት፣ እኔ እዚያ ሳለሁ የመኝታ ቤቱን መስኮት ቀይሮታል። መስታወት ገጣሚ አይደል! አዲሱ መስታወት ግማሹን ብርሃን ያሳልፋል፤ ግማሹን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ ባትሪ ይሞላል። ለደንበኞቹ ሁሉ አሳይቶ የገዛው የለም። «መብራት ቢጠፋም ልጄ ጨለማ አታይም» አለኝ፣ ደረቱን ነፍቶ።

እማ መስታወቱን ትክ ብላ አይታ፣ «ምነው፣ ሻይ ተደፋበት?»

የካቲት 5

መብራት ጠፋ። የኛ ክፍል አምፖል በራ! ባሌን ምድር አልበቃችውም። እማ ያወጣችውን ሻማ ወደ መሳቢያው መለሰች።

የካቲት 6

እማ ሽንት ጨርቅ ስትቀይርላት ቆየችብኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ነይ እስኪ፣ ዓይኗን እዪው።»

የዓይኗ ነጩ ቢጫ። መዳፏም ቢጫ። የወፍ በሽታ? «ያቺ የጎረቤታችን ልጅ እንኳ...» ብላ እማ ጀመረችና አልጨረሰችውም። ለምን አልጨረሰችውም?! ባሌ ከሥራው እየበረረ መጣ። ጠቅልለናት ወደ ክሊኒክ ወጣን።

በዚያው ቀን፣ ከሰዓት

እፎይ... እፎይ!

ዶክተሯ ገልጣ አየቻት። ግንባሯን ጫን አድርጋ ለቀቀች። «የቱ ጋ ነው ቢጫው?» ሦስታችንም ጎንበስ አልን። የለም! «መንገድ ላይ ለቀቃት» አለች እማ። ዶክተሯ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ለማንኛውም ብላ ደም ወሰደች። ምንም የለባትም።

ቤት ገብተን አልጋው ላይ ገለጥኳት። ቢጫ! ልጮህ አፌን ስከፍት እማን አየኋት። እማም ቢጫ። ነጭ ሻሿም ቢጫ።

ባሌ ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ።

የተሰፋሁበት እስኪያመኝ ሳቅኩ። እሱ ወለሉ ላይ ዘጭ ብሎ አለቀሰ። «ቀለም ያለው መስታወት ክፍሉንም ያቀልማል» እያለ ደንበኛ ሲያስጠነቅቅ የሚውል ሰው! «ዓይኔ ለምዶት ነው» ይላል፣ አፍንጫውን እየጠረገ። እማ፣ «ሻይ ነው ብዬህ ነበር።»

ደስ ብሎኛል። በቃ፣ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

የካቲት 8

ዶክተሯ ደወለች። ባሌ የቢጫውን ምክንያት ያኔውኑ ደውሎ ነግሯት ነበር። ስለ ልጅቷ ጠየቀች። ቀጥላም... መብራት በጠፋ ቁጥር ክሊኒኩ ይጨልማል፤ ያ መስታወት ለነሱ አይሆንም ወይ?

ባሌ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ለኮሪደሩ አሳምሮ ይሆናል። ሕፃናት ለሚያዩበት ክፍል ግን በጭራሽ!»

ለዚያ መስታወት የመጀመሪያ ደንበኛው። ራሱ «በጭራሽ» ብሎ ግማሹን ሥራ አስቀረው... ኮራሁበት።

የካቲት 11

መስታወቱ በረንዳው ጣሪያ ላይ ወጣ። እማ ሥሩ ወንበር አስወጥታ ስልኳን ቻርጅ ታደርጋለች። ሻዩ ተረስቷል። ለጎረቤት «መስታወታችን» ስትል ሰማኋት!

የመኝታ ቤቱ መስኮት ተራ መስታወት ገባለት። ጠዋት ፀሐይዋ ስትገባ ልጄን ገለጥኳት። ሆስፒታል ከድካሜ ጋር፣ እዚህ በዚያ ቢጫ ብርሃን... ለካ እስከ ዛሬ በወጉ አላየኋትም።

ጠይም ናት። ቁርጥ አባቷን።