«እንደተመቸህ» ያልኩህ ድንጋይ ላይ ቆሜ ነው

ውድ ቀጮ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የእህል መኪናው ሾፌር ነው። ፖስታውን በደንብ አሽጌዋለሁ። ከፍቶ ቢያነበው ግን ግድ የለኝም፤ ምንም አዲስ ነገር አያገኝበትም። ለምን እንደሆነ ስትጨርሰው ይገባሃል።

ባለፈው ስንነጋገር «ልጠብቅሽ ወይስ ልተወው?» ብለህ ጠየቅከኝ። እኔም «እንደተመቸህ» አልኩህ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም። እውነትህን ነው። ቀለበት አስሮ ይህን ሁሉ ጊዜ የጠበቀ ሰው እንዲህ ሲባል ምን ይመስለዋል? ለእንግዳ ወንበር ስንስብ የምንለውን ቃል ለአንተ ሰጠሁህ። ቢሆንም የት ሆኜ እንዳልኩት ሳትሰማ አትፍረድብኝ።

ድንጋዩን አታውቀውም። ስደውልልህ ከጤና ጣቢያው ግቢ፣ ክፍሌ ውስጥ፣ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ የማወራህ ይመስልህ ነበር፤ እኔም ደስ እንዲልህ ብዬ ዝም አልኩ። እዚህ መንደር ስልክ የሚሠራው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለው ትልቅ ድንጋይ አናት ላይ ብቻ ነው። አንዱ ከላይ ቆሞ ያወራል፣ ሌላው ከሥር ወረፋ ይጠብቃል። ወፍጮው ስለሚያጓራ ካልጮኹ አይሰማም። ስለዚህ የማንም ምስጢር ምስጢር አይደለም። የባለሱቋ ልጅ ፈተና መውደቋን ከእናቷ ቀድሜ የሰማሁት እዚያው ተሰልፌ ነው። አንተ ያን ጥያቄ ስትጠይቀኝ ከኋላዬ የቀበሌው ሊቀመንበር ነበሩ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ባለሱቋ፣ ከእሷ ቀጥሎ ባለፈው ወር ያዋለድኳት ሴት ከነባሏ። «ቶሎ በይ እንጂ ሲስተር፣ ባትሪዬ ሊያልቅ ነው» የሚል ሰውም አልጠፋም። በዚያ ሁሉ ጆሮ መሀል «ጠብቀኝ፣ ያላንተ አልችልም» እንዴት ብዬ ልበል? አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩና ወረድኩ።

«ታዲያ ተዛውረሽ ለምን አትመጪም?» ትለኛለህ። ይህንንም በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ግማሹ ነው የደረሰህ።

መንግሥት ስልክና ኢንተርኔት ላልደረሰባቸው የገጠር መንደሮች ገንዘብ መደበ ተባለ። ወዲያው ኔትወርክ የሚለካ ባለሙያ በመኪና መጣልን። እኔ ምጥ የያዛት እናት ጋ ስለነበርኩ አልወጣሁም። ሊቀመንበራችን እንግዳቸውን ተቀብለው የት ቢወስዱት ጥሩ ነው? በቀጥታ ድንጋዩ ላይ አወጡት! ወንበር አወጡለት፣ ጃንጥላ ያዙለት፣ ባለወፍጮው ጩኸት እንዳይረብሸው ብሎ ሞተሩን አጠፋለት። በኋላ ስቆጣ፣ «እንግዳ መጥቶ የጎደለንን እያሳየን እንሸኘው እንዴ? ደህናውን ቦታ ነው እንጂ!» አሉኝ። መሣሪያው ጥሩ አነበበ። ሰውየው «ተደራሽ» ብሎ መዝግቦን ሄደ፤ እነሱም አጨብጭበው ሸኙት። ገንዘቡ ሌላ መንደር ገባ።

ያቺ ቃል የእኔንም በር ቆለፈችው። በዝውውር ቅድሚያ የሚያገኙት ስልክ በሌለበት አስቸጋሪ ቦታ የሚሠሩ ናቸው። ማመልከቻዬን ይዤ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ስሄድ የሰው ኃይል ክፍሉ ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «የአንቺ ቦታ ተደራሽ ነው እኮ እህቴ፣ ምን ጎደለሽ?» አለኝ። ምን ጎደለሽ! አንተ ጎደልከኝ ልለው አልችል፤ ማመልከቻዬን አጥፌ ወጣሁ።

ሥራውን ጥዬ ልምጣ ብዬ አስቤ አውቃለሁ። በቀደም ግን አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም አለ። አምቡላንስ ለመጥራት እሷን ለአማቷ ትቼ፣ «አስቀድሙኝ፣ አስቀድሙኝ» እያልኩ ወደ ድንጋዩ ሮጥኩ። ስመለስ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝና፣ «ጥለሽኝ የሄድሽ መስሎኝ» አለችኝ። አምቡላንሱ ደርሶ ተርፋለች። እኔ ግን ሻንጣዬን ባየሁ ቁጥር ድምፅዋ ይመጣብኛል። መሄድም መቅረትም አቃተኝ። ክፍሌ ውስጥ ስቀመጥ ይጠበኛል፤ ልናፈስ ብዬ ስወጣ ደግሞ የምደርሰው ያው ድንጋይ ሥር ነው።

ትናንት ከሰዓት ወጥቼ ደወልኩልህ። አነሳህ! «ሄሎ» ስትል ኩርፊያህ እንዳልበረደ ከድምፅህ ታወቀኝ። እንዳትዘጋብኝ ስለፈራሁ የሰው አፍ መፍራቴን ረሳሁት። «ጠብቀኝ!» ብዬ ጮህኩ። «እወድሃለሁ! እንዳትተወኝ! እንደተመቸህ ያልኩህ ውሸቴን ነው፤ እኔን አልተመቸኝም! አልቻልኩም!» ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ለፈለፍኩ። ለካ ባለወፍጮው ሞተሩን አጥፍቶልኝ ኖሯል። ሰልፈኛው ሁሉ አንድ ቃል ሳይቀር ሰምቶኛል። ዝም ስትለኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፤ መስመሩ ተቋርጧል። መቼ እንደተቋረጠ አላውቅም።

«ምን አለሽ?» አለች ባለሱቋ ከሥር።

«አልሰማም» አልኳት።

ማንም አልሳቀም። ይስቃሉ ብዬ ነበር። ሊቀመንበሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ይህን ያህል ጮኸሽ ካልተሰማሽማ እኛ ተደራሽ አይደለንም» አሉ። እንደገና እንዲለኩን ሊያመለክቱ ነው። ለኪው ሲመጣ በቀጥታ ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ አስገባዋለሁ ብለው ምለዋል። መቼ እንደሚመጣ ግን የሚያውቅ የለም፤ እስከዚያ እኔም እዚሁ ነኝ።

አሁን መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «መለሰልሽ?» ይለኛል። ያዋለድኳቸው ሴቶች ሳይቀሩ ልጃቸውን ትተው ስለ አንተ ነው የሚጠይቁኝ። ሾፌሩ ሐሙስ ይመለሳል። ቁርጡን ጽፈህ በእጁ ላክልኝ። እጠብቃለሁ በል፣ ሰልችቶኛል በል፣ ስደበኝም። ብቻ አደራህን፣ «እንደተመቸሽ» እንዳትለኝ።

ድንጋዩ ሥር ወረፋ የምትጠብቀው፣
ያንተው