ብርቱካናማው ክሪስታል

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ
ውህዱ እየቀዘቀዘ ነው። ቀስ እያለ። ከተቸኮለ ክሪስታሉ ይሰነጠቃል። መብራት ሄደ፣ መጣ። ተሳደብኩ።

ደብተሬ፣ ዛሬም ከዶ/ር ደሳለኝ ጋር ተጣላን። የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ኃላፊ ነው፤ ሰላምታ እንኳ የሚያስከፍለው ይመስለዋል። ከአዲስ አበባ ገምጋሚዎች ይመጣሉ። የኔ ክሪስታል ኤክስሬይ ሲያርፍበት የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ትንሽ ነው፤ እርሳስ ያለበት ግን ብዙ ይሰጣል። ስለዚህ እርሳስ ጨምሪበት ይለኛል። ፕሮጀክቱ «ያለ እርሳስ» ተብሎ! አልጨምርም አልኩት። ምክንያቴን ያውቃል። ወንድሜ ቶሎሳ እዚሁ አምቦ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየፈታ፣ እርሳሱን እያቀለጠ ኖሮ፣ መርዙ ነርቩን ጎድቶት አሁን የእጁን አንጓ ቀና ማድረግ አይችልም።

«የወንድምሽን በሽታ ሳይንስ አታድርጊው» አለኝ። ሰው ፊት።

ጠላሁት።

ኅዳር 8፣ እሑድ
ቸርች ልንሄድ ስንል ቶሎሳ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። ቆለፍኩለት። ፊቱን አዞረ። መንገድ ላይ የዶ/ሩን ነገር ነገርኩት። በኦሮምኛችን ዺሲ፣ ተይው አያንቱ፣ አለቃሽ ነው፣ እንጀራሽን እንዳይዘጋብሽ አለኝ። እሱንም ተቆጣሁት። ስብከቱ ስለ ትዕግሥት ነበር። አንዱም አልገባኝም።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ
ወጣ! ጥቁር ቀይ፣ ባለ ስድስት ጎን። ቢስሙዝ የሚባለው ብረት እንጂ እርሳስ የለበትም። ለካሁት፤ ደካማ ነው፣ ግን አይዋዥቅም። ብቻዬን ሳቅኩ። ዶ/ሩ መጥቶ አየው። ለእንግዶቹ እኔ አቀርበዋለሁ ብሎ ወሰደው። እንኳን ደስ ያለሽ የለ፣ ምን የለ።

ኅዳር 13፣ ዓርብ
ዛሬ ግምገማው ነበር።

እንግዶቹ ተቀምጠዋል። ዶ/ሩ ሳጥኑን ከፈተ። ብርቱካናማ! የኔ አይደለም። ስሜ ግን ተለጥፎበታል። እርሳስ የለበትም እያለ ያስረዳል፣ ፈገግ ብሎ። ጆሮዬ ነደደ። ተነሳሁ።

«ይቅርታ፣ ይህ የእርሳስ ክሪስታል ነው።»

«ደክሟት ነው፤ ተምታቶባት ነው» አለ።

ከጠርዙ ፍርፋሪ ወሰድኩ። ውሃ ውስጥ ፈጨሁት። ፖታሲየም አዮዳይድ ጠብ አደረግኩበት። እርሳስ ካለ ቢጫ ይሆናል፤ ሁለተኛ ደረጃ እያለን ሁላችንም ሠርተነዋል።

ቢጫ ሆነ። ደማቅ ቢጫ።

ከእንግዶቹ አንዷ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩት። «የእርስዎስ የታለ?» አሉኝ። እሳቸውን ይጠይቁ አልኳቸው። ዶ/ሩ ወረቀቱን ያገላብጣል።

በኋላ የኔን ክሪስታል የላቦራቶሪው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አገኘሁት። ለሁለት ተሰንጥቆ።

ኅዳር 16፣ ሰኞ
ፕሮጀክቱ ታገደ። የሱ ብቻ ሳይሆን የሁላችንም። ባልደረቦቼ በአንቺ የተነሳ ይላሉ፤ ሻይ ቤት ስገባ ወሬ ያቆማሉ። እሱ ዋሸ፣ እኔ ጠላት ሆንኩ! ዶ/ሩ ቢሮ አስጠራኝ። የትምህርት ክፍሉን ስላዋረድሽ ይቅርታ ጽፈሽ ፈርሚ፣ አለዚያ የላቦራቶሪውን ቁልፍ አስረክቢ አለ። ያጠፋው ማን ሆነና ነው ይቅርታ የምጠይቀው ብዬ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ከንዴት። ቶሎሳ አጠገቤ ተቀመጠ። መቼ ነው ያን ቢጫ የምታሳዪኝ አለኝ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ
ይቅርታ አልጽፍም። ቁልፉንም አልሰጥም። ጠዋት ገብቼ አዲስ ውህድ አሞቅኩ፤ ከተሰነጠቀው ቁራጭ ትንሿን እንደ ዘር ጨመርኩበት። ዶ/ሩ በሩ ላይ ቆሟል። ይቁም። ቁልፉን ከፈለገ ይምጣና ከእጄ ይንጠቀኝ።