እግር የማይረግጠው ቦታ

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር ፲፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? የእግርሽ እብጠት ጎደለልሽ ወይ? ባልሽስ ደኅና ነው? እኔ ለቸሩ አምላክ ምስጋና ይድረሰውና ደኅና ነኝ፤ ብርዱ ብቻ ከጉና እየወረደ ጣቶቼን ብሩሽ አላስይዝ ብሏል። ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ፣ ድምፅሽን ስሰማ ስለ ድንቹ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ ጻፍሁት።

ለመውለድ ወደ እኔ እንድትመጪ፣ የእናትሽ እህት እቴነሽም ከጎናችን ናትና እንድታርስሽ ተስማምተን ነበር። ከመነሣትሽ በፊት ግን ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስሥል፣ ብሩሽ ያጠብሁበትን አኳራጅና የቀለሙን ዝቃጭ መንገድ ላይ ደፍቼ አላውቅም። የጻድቃንን መልክ የነካ ነገር እንዴት በእግር ይረገጣል ብዬ፣ ጓሮ ካለው ወይራ ሥር አጥሬ፣ አማትቤ እዚያ አፈስሰው ነበር። ቦታውን ታውቂዋለሽ፤ ከውሃ ጉድጓዳችን በላይ ነው።

ባለፈው ወር ለእኛ ለሠዓሊዎች ሥልጠና ተሰጠ። ያሠለጠነችን ሕይወት የምትባል ያንቺ እኩያ ናት። አኳራጅ መሬት ላይ አይደፋም፣ ሰርጎ ውሃ ያበላሻል አለች። ክዳን ባለው ቆርቆሮ አጠራቅማችሁ፣ ሲጠልል ከላይ ያለውን ንጹሑን መልሳችሁ ተጠቀሙ፤ ዝቃጩን ከድናችሁ ለሚሰበስቡት አስረክቡ፤ ዘይት የነካ ጨርቅም ተከምሮ በራሱ ይነድዳልና ውሃ ውስጥ ከድናችሁ አቆዩት አለች። እኔም ተነሥቼ፣ የእመቤታችንን ልብስ የቀባሁበትን ከቆሻሻ ልደባልቀው ወይ? አልኋት። አያሌው ሠዓሊው ከኋላ ሆኖ፣ «ተዪው፣ እሱ አኳራጁንም ጠበል ሊያደርገው ነው» ብሎ ሰውን አሳቀ። እሷ ግን ሳትስቅ፣ «አባባ፣ ክብሩ ለሥዕሉ ነው። እርስዎ የት ነበር የሚደፉት?» አለችኝ።

ነገርኋት። ሳቁ ቆመ። በማግስቱ መጥታ ከጉድጓዱ ውሃ ቀድታ ለምርመራ ወሰደች። ከሁለት ሳምንት በኋላ አይጠጣም የሚል ውጤት መጣ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤቶቻችንን ሰብስቤ ነገርኋቸው። ከዚያ ጉድጓድ የሚቀዳው ሰባት ቤት ነው። ጎረቤታችን ሞላ መሬት መሬት አየ። እቴነሽ፣ «አንተ ሰው፣ ስንቱን ልጅ ያሳደግንበት ውሃ!» ብላ ጥላን ሄደች። ሲነጋ ግን ከቦኖ የቀዳችውን አንድ ጀሪካን ደጄ ላይ አገኘሁት። ጉድጓዱን ከሞላ ጋር ከድነን በሰንሰለት ቆለፍነው።

ለነፍስ አባቴም ተናዘዝሁ። «ባለማወቅ ያደረግኸው ነው፤ ስገድ፤ ጎረቤቶችህንም ውሃ እየቀዳህ አገልግል» አሉኝ። ቀለል ብሎኝ ልወጣ ስል አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ በሩ ላይ ቆምሁ።

እናትሽ ከመታመሟ በፊት በነበረው ሁዳዴ፣ ውሃው ቀለም ቀለም ይለኛል ብላኝ ነበር። ከሠዓሊ ጋር ኖረሽ አፍንጫሽ ቀለም ሆነ ብዬ ሳቅሁባት። ሌላ ቀን ደግማ ነገረችኝ፤ ተቆጣኋት። ከዚያ በኋላ አንሥታው አታውቅም።

ተመልሼ ይህንንም ለነፍስ አባቴ ነገርኋቸው።

እናትሽ ስትሞት ሐኪሙ ኩላሊቷ ነው ከማለት በቀር ምክንያቱን አልነገረንም። አንቺ በጠየቅሽኝ ቁጥር እግዚአብሔር ያውቃል እልሽ ነበር። አሁንም የሚያውቀው እሱ ነው። እኔ የማውቀውን ያህል ግን እነሆ ጻፍሁልሽ።

መምጣቱን አንቺ ወስኚ። ብትመጪ የቦኖ ውሃ አለ፤ ቀለሙንም ከቤት አውጥቼዋለሁ። ይቅርብኝ ካልሽም እቴነሽን አንቺ ዘንድ ይፋግ ድረስ እልክልሻለሁ፤ አልቀየምሽም።

ምርቃቴን ከተቀበልሽኝ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

አባትሽ